ሰባት ሺህ ኪሎ

ልደት ለገሠ የተወለደችው ሐረር ነው፤ አባቷ ወታደር ሆነው ወደ ከተማዋ በተመደቡ በሦስተኛው ዓመት። ጥቂት ዓመታት ኮምፒውተር አስተማረች። ከዚያ ለመድኃኒት ቤቶች የሚሆን ፕሮግራም ሠራች። ሐኪም ያዘዘው ይመዘገብበታል፣ ጠርሙሱ ላይ የሚለጠፈው ወረቀትም ከዚያው ይታተማል። አሥራ ዘጠኝ መድኃኒት ቤቶች ይጠቀሙበት ነበር።

ባለሙያዎቹ ፕሮግራሙን ይበልጥ የወደዱት ግን አብዱልፈታ በጻፉት ፕለጊን ምክንያት ነው፤ በዋናው ፕሮግራም ላይ የሚሰካ ትንሽ ተጨማሪ ፕሮግራም። አብዱልፈታ ሐረር፣ ፈረስ መጋላ አደባባይ መድኃኒት ቤት ያላቸው፣ ኮድ መጻፍ በሃምሳ ዓመታቸው ራሳቸውን ያስተማሩ ሰው ናቸው። ፕለጊናቸው የሕፃኑን ክብደት ከልደት ፕሮግራም ይቀበልና የታዘዘው መጠን ከበዛ ስክሪኑን ቀይ ያደርገዋል።

ባለፈው ግንቦት፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት ልደት አዲስ አፕዴት፣ የተሻሻለ የፕሮግራሙን ቅጂ፣ ለቀቀች። የጨቅላ ሕፃናት ክብደት በግራም ስለሚጻፍ ሁሉንም ወደ ግራም ለውጣው ነበር። ፕለጊኑ ቁጥሩን የሚያገኝበትን "ክብደት" የሚለውን ስም ግን አልነካችውም። በራሷ ኮምፒውተር ሞከረችው፤ ሠራ። ከአብዱልፈታ ፕለጊን ጋር አልሞከረችውም።

ስድስት ሰዓት ላይ አብዱልፈታ ደወሉ።

"ልደት፣ ዛሬ አንድም ቀይ አላየሁም" አሏት። "ሆን ብዬ የትልቅ ሰው መጠን ለሕፃን አስገባሁ፤ ዝም አለኝ። ክብደቱን ነክተሽዋል?"

ከመመለሷ በፊት ገባት። ሰባት ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ፕለጊኑ ጋ የሚደርሰው ሰባት ሺህ ኪሎ ሆኖ ነው። ለዚያ ክብደት የሚበዛ መድኃኒት የለም። ፕሮግራሙ ቢቆም ኖሮ ሰው ይነቃ ነበር፤ እሱ ግን ደህና መስሎ እየሠራ ነው።

ከእሳቸው ሌላ አፕዴቱን የጫኑት አሥራ ሁለት መድኃኒት ቤቶች ነበሩ። ለሁሉም ደወለች፤ ፕሮግራሙን እንዲያቆሙ፣ ጠዋት ለሕፃናት የሰጡትን አንድ በአንድ እንዲያዩ ነገረቻቸው። አሥራ አንዱ አነሱ። ኤረር በር ከሚባለው የከተማዋ ግንብ በር አጠገብ መድኃኒት ቤት ያላት ሳፊያ አላነሳችም። ልደት ባጃጅ ይዛ ከነፈች።

ሳፊያ ስልኳን ጓዳ ቻርጅ ላይ ትታው ነበር። የጠዋቱን መዝገብ አብረው ሲያዩ አራተኛው መስመር ላይ የሳፊያ ጣት ቆመ። የስምንት ወር ሕፃን፣ የትኩሳት ሽሮፕ። ሁለት ነጥብ አምስት ሚሊ ሊትር መሆን የነበረበት ሃያ አምስት ተብሎ ገብቷል። በቀን አራት ጊዜ።

"እኔ ነኝ የጻፍኩት። ነጥቧን ዘለልኳት" አለች ሳፊያ።

እናትየዋ ቤዛ ትባላለች። ከሄደች አንድ ሰዓት አልፏታል፣ ስልኳም ዝግ ነው። ሳፊያ ቤቷን ታውቀው ስለነበር ሱቁን ቆልፋ ልደትን ከኤረር በር ውጭ ቁልቁል በሩጫ መራቻት። ልደት በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ጊዜ ሊሰጥ እንደሚችል ታሰላ ነበር። አንዴ በእርግጠኝነት ይሰጣል።

ቤዛ ሕፃኑን አዝላ በሩን ከፈተች። ልደት ሰላምታ እንኳ አላቀረበችም።

"ሽሮፑን ሰጥተሽዋል?"

"አልሰጠሁትም" አለች ቤዛ ግራ ገብቷት። "ወረቀቱ ሃያ አምስት ይላል፤ አብሮት የመጣው መለኪያ እስከ አሥር ነው። ለዚህ ልጅ ሁለት ተኩል ጊዜ መሙላት ከበደኝ። ልጠይቃችሁ ልመለስ ነበር።"

ሳፊያ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። ልደት የሆነውን ሳትሸፋፍን ለቤዛ ነገረቻት፤ የሳፊያንም የራሷንም ጥፋት። እንድትሰድባት ጠብቃ ነበር። ቤዛ ግን ጠርሙሱን አምጥታ ልደት እጅ ላይ አስቀመጠችና በሩን ዘጋች።

ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ "ክብደት" ወደ ኪሎ ተመለሰ፤ ግራሙ የራሱ አዲስ ስም ተሰጠው። ልደት አብዱልፈታ ዘንድ ሄዳ ይቅርታ ጠየቀች።

"ስሙንም ብትቀይሪው ኖሮ ፕለጊኔ ይሰበር ነበር" አሏት። "ቢሰበር አውቃለሁ፣ እጠግነዋለሁ። አንቺ ግን የተስማማንበትን ነገር ሳትነግሪኝ ቀየርሽብኝ።"



አሁን ከእያንዳንዱ አፕዴት በፊት ሌሎች የጻፏቸው ፕለጊኖች ሁሉ ይሞከራሉ። ልደት ራሷ ከልክ ያለፈ መጠን ታስገባለች፤ ቀዩ ካልበራ አይለቀቅም። የሚቀየር ነገር ካለም ለጸሐፊዎቹ ከስድስት ወር በፊት ትነግራቸዋለች፣ አሮጌውም እስከዚያ አብሮ ይሠራል። አብዱልፈታ አሁንም ይደውሉላታል፤ ሳፊያ ግን እስከ መስከረም ድረስ አንድም አፕዴት አልጫነችም። ልደትም አልወተወተቻትም።