ሳይነካን የሚያልፍ ነገር

የበልግ ዝናብ በትምህርት ቤታችን ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ አስተማሪ የሚናገረው አይሰማም። ሌሎቹ መምህራን እስኪያባራ ድረስ መጽሐፋቸውን ዘግተው በመስኮት ያያሉ። የፊዚክስ አስተማሪያችን ግን መናገሩን ትተው ጠመኔ ያነሱ ነበር። ከሰሜን ወደ ሆሳዕና ተመድበው የመጡ፣ ማተብ ያሰሩ ቀጭን ሰው ናቸው። አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ፣ አንድ እንዲህ ባለ ቀን፣ መጽሐፉ ውስጥ የሌለ ነገር ሰሌዳው ላይ ጻፉልን። አንዳንድ አቶም ሲፈርስ ከጉልበቱ ጥቂቱ ይጎድላል። ጉልበት ደግሞ አይጠፋም። ስለዚህ ማንም ሳያየው ይዞት የሚሄድ አንድ ነገር መኖር አለበት ብለው ሊቃውንቱ ገመቱ። መቼም አይያዝም ተብሎ ነበር፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ግን ተያዘ። ከታች በትልቁ «ኒውትሪኖ» ብለው ጻፉ።

ዝናቡ ሲያባራ አንዱ ተማሪ፣ «ቲቸር፣ ፈተና ላይ ይመጣል?» አለ።

«አይመጣም።»

ክፍሉ በሙሉ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እኔ ግን በዓለም ላይ ያለ፣ ግን ፈተና ላይ የማይመጣ ነገር መኖሩ ደስ አሰኝቶኝ መጻፌን ቀጠልኩ።

የደርግ ዘመን ነበር። አባቴ ከእንሰቱና ከስንዴው ጎን ለጎን ወንጌል የሚሰብክ ሰው ነው። የሰፈራችን ጸሎት ቤት ታሽጎ የእህል መጋዘን ከሆነ በኋላ ምእመኑ በየቤቱ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይዘምር ጀመር። አንድ እሑድ የቀበሌ ታጣቂዎች እኛ ቤት መጡና አባቴን ወሰዱት። ማትሪክ ስፈተን እሱ እስር ቤት ነበር፤ እናቴም ቆጮና ጎመን ቋጥራ ጠዋት ጠዋት ትመላለስ ነበር።

ውጤት ሲመጣ ወደ ሶቭየት ኅብረት ሄደው እንዲማሩ ከታጩት መካከል ስሜ ተነበበ። መጀመሪያ ግን ኮሚቴ ፊት መቅረብ ነበረብኝ። ከረጅም ጠረጴዛ ኋላ የተቀመጡትን ከአንድ ሰው በቀር አላውቃቸውም። ትምህርት ቤቱን ወክለው ጥግ ላይ የተቀመጡት የፊዚክስ አስተማሪዬ ነበሩ።

«አባትሽ የት ነው?» አለኝ ሊቀመንበሩ።

«እስር ቤት።»

«በምን ታሰረ?»

«በጸሎት።»

«አንቺስ? ትጸልያለሽ?»

አልጸልይም ብል እስር ቤት ያለውን አባቴን የካድኩት መስሎ ተሰማኝ። «እጸልያለሁ» አልኩ።

ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ሊገለብጥ ሲል አስተማሪዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ የተጠየቅነው ፊዚክስ የሚችል ሰው እንድንልክ ነው። ከዚህች ልጅ የሚበልጥ ካለ እሱን እንላክ። ከሌለ ግን ጸሎቷን ከውጤቷ ላይ አንቀንስም።»

«ጓድ መምህር ጠበቃ ሆኑ እንዴ?»

«አይ፣ የክፍል ፈተናዋን ያረምኩት እኔ ስለሆንኩ ነው።»

አለፍኩ። ለምን እንዳለፍኩ እስካሁን በትክክል አላውቅም። ምናልባት ኮታው መሙላት ነበረበት፤ ምናልባትም ከሰዎቹ አንዱ በልቡ ተስማምቶ ይሆናል። ልሄድ ስሰናዳ ግን አስተማሪዬ ከምባታ ውስጥ ወዳለች አንጋጫ የምትባል ትንሽ ከተማ መዛወራቸውን ሰማሁ። ልሰናበታቸው ብሄድ ቤታቸው ተዘግቶ አገኘሁት።

ከእናቴ ጋር ሆነን አባቴን በእስር ቤቱ አጥር በኩል አነጋገርነው። የምሄድበትን ነገርኩት። ያሰሩት ሰዎች ናቸው ልጁን የሚልኩት፤ ያውም እግዚአብሔር የለም ወደሚባልበት አገር።

«እኔ እዚህ ቆሜ ሂጂ ብል የፈራሁ ይመስላል፣ ቅሪ ብል የተናደድኩ ይመስላል» አለ። «እናትሽ ትወስን።»

ደጃፋችን ስንደርስ እናቴ ቆም ብላ፣ «ሂጂ» አለችኝ፤ «ጸጉርሽን ግን እንዳትቆረጪ።»

ቋንቋውን ተማርኩ፣ ብርዱን ለመድኩ፣ ፊዚክስ አጠናሁ። ትምህርቴን ገፍቼ ምርምር እንድሠራ ሲፈቀድልኝ ደግሞ ምን ላይ እንደምሠራ ማሰብ አላስፈለገኝም፤ ኒውትሪኖ ላይ ነው። በአገሩ ደቡብ በኩል፣ ከትልቅ ተራራ ሥር ወደተቆፈረ ዋሻ ላኩኝ። ወደ ውስጥ የሚያስገባን ትንሽ ባቡር ነበር። መሬት ላይ ሆኖ ኒውትሪኖ መፈለግ የማይቻለው ከሰማይ ዘወትር የሚዘንበው ሌላው ቅንጣት መሣሪያውን ስለሚያሳብደው ነው። ተራራው ያንን ያስቀርልናል፤ ኒውትሪኖን ግን ተራራም አያግደውም።

ወደ አዳራሹ መጀመሪያ የገባሁ ቀን ሽታው አስቆመኝ። ነጭ ጋዝ ነው የሸተተኝ፣ ልክ የቤታችን ኩራዝ። በየረድፉ የተደረደሩት ታንኮች የሞሉት ከነጭ ጋዝ ብዙም በማይርቅ ፈሳሽ ነበር። ቅንጣት ሲመታው ፈሳሹ ለቅጽበት ብልጭ ይላል፤ እያንዳንዱ ታንክ ላይ የተገጠመው የመስታወት ዓይን ያንን ብልጭታ ያያል። የእኔ ሥራ እነዚያን ዓይኖች መፈተሽና የደከመውን መቀየር ነበር። ለወራት ያገኘሁት የእጅ ድካም ብቻ ነው። ሥራችን በአብዛኛው መጠበቅ መሆኑን ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም።

አንድ ክረምት ማብቂያ ላይ፣ በረዶው ገና ሳይቀልጥ፣ በደቡብ ሰማይ አንድ ኮከብ ፈነዳ የሚል ወሬ መጣ። ኮከብ እንዲያ ሲሞት ከጉልበቱ አብዛኛው በኒውትሪኖ ነው የሚወጣው። የዚያን ዕለት የተመዘገበውን ሁሉ አወጣንና ተሻማንበት። እዚያ ውስጥ፣ በጥቂት ሰከንዶች ተጠጋግተው የመጡ ጥቂት ብልጭታዎች ነበሩ። በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሰው ሁሉ ተቃቀፈ። እኔ ከታንኮቹ ወደ አንዱ ሄጄ መዳፌን አሳረፍኩበት።

ደስታችን ሳይበርድ ችግር መጣ። በሌሎች አገሮች ያሉ መሣሪያዎችም አይተውታል፤ ነገር ግን የእኛ ሰዓትና የእነሱ ሰዓት በጥቂቱ ይለያያል። ከመካከላችን አንዱ፣ «ሰዓታችንን ወደ እነሱ እናስጠጋው፣ ማን ያውቃል?» አለ። አለቃዬ፣ ጸጉራቸው የሸበተ ዝምተኛ ሰው፣ ከመነጽራቸው በላይ አዩት።

«እኛ እናውቃለን» አሉት። «ሰዓታችን ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል ይጻፍ። የማናውቀውም ከምናውቀው ጋር አብሮ ይውጣ።»

ሰዓቱ ምን ያህል ሊዛነፍ እንደሚችል የመፈተሹን ሥራ ለእኔ ሰጡኝ። ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ እንደዚያ ተጠንቅቄ የሠራሁት ሥራ የለም።

በዚያው ዓመት ለእረፍት አገር ቤት ገባሁ። አባቴ ከተፈታ ቆይቷል፤ ጸሎት ቤቱ ግን እንደታሸገ ነው። ምን ስሠራ እንደከረምኩ ጠየቁኝና በሀዲይኛ ላስረዳቸው ሞከርኩ። ለብዙው ነገር ቃል አጣሁለት። ኮከቡ ከእኛ ዋሻ አካባቢ በፍጹም አይታይም፤ ከሆሳዕና ግን በደቡብ በኩል ዝቅ ብሎ ይታይ ስለነበር፣ «በዚያ በኩል አዲስ ኮከብ አላያችሁም?» አልኳቸው።

«በዚያ በኩል የጎረቤታችን ባሕር ዛፍ ነው ያለው» አለ አባቴ።

«ኒውትሪኖው ግን እዚህም መጥቷል። ረፋድ ላይ፣ ከመሬት ሥር ተነስቶ በእግራችሁ ገብቶ በራሳችሁ ወጥቷል። እጅግ ብዙ።»

እናቴ እጇን አናቷ ላይ አደረገች። «ረፋድ ላይ እንሰት ስፍቅ ነው የምውለው። ምንም አላመመኝም።»

«አያምም። ሳይነካ ነው የሚያልፈው።»

«ካልጠቀመ፣ ካልጎዳ፣ እናንተ ምን ያደርግልናል ብላችሁ ነው የምታሳድዱት?»

«ኮከቡ ሲሞት ልቡ ውስጥ የሆነውን ያየ ሌላ ምስክር የለማ።»

አባቴ ሳቀ። «ወደዚህ ቤት የመጣ ሁሉ አንድ ነገር ሰብሮ ነው የሄደው። ሳይነካን ያለፈ እንግዳ ከነበረማ እግዜር ይስጠው።»

በሳምንቱ በጭነት መኪና ተሳፍሬ አንጋጫ ሄድኩ። አስተማሪዬን ያገኘኋቸው ደጃፋቸው ላይ ከአንድ ጎረቤት ጋር በከምባትኛ ሲከራከሩ ነው፤ ዘዬው የሰሜን፣ ቃሉ የከምባታ። ሲያዩኝ ክርክሩን ትተው ጉንጬን ሳሙኝ። ባለቤታቸው የአካባቢው ልጅ ናት፤ ትኩስ ድንች ቀቅላ አቀረበችልን።

«ቲቸር፣ በእኔ የተነሳ ነው እዚህ የመጡት» አልኳቸው ገና ሳልቀመጥ። ዓመታት ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ይህ ብቻ ሆኖ ቀረ።

«የመጀመሪያውን ዓመት ስናደድ ከረምኩ» አሉኝ። «በሁለተኛው አገባሁ። አሁን ዛሬ ተመለስ ቢሉኝ የሚያስለቅቁኝ በፖሊስ ነው። በይ ይልቅ በሬዲዮ ስለሰማሁት ኮከብ ንገሪኝ።»

ስለ ዋሻው፣ ስለ ታንኮቹ፣ ስለ ሰዓቱ ነገርኳቸው። ድንቹ በረደ። ጨርሼ ስቆም፣ «ኒውትሪኖው ክብደት አለው?» አሉኝ።

«አልታወቀም። ከኮከቡ እንዳየነው፣ ካለውም እጅግ ጥቂት ነው።»

«እኔ ያለው ይመስለኛል።»

«በምን ምክንያት?»

«ምክንያት የለኝም። አስተማሪ ስለሆንኩ ያለ ምክንያት መገመት አይፈቀድልኝም ነበር፤ ዛሬ አንቺ አስተማሪ ሁኚና ልገምት።»

ትምህርቴን ጨርሼ ስመለስ ደርግ ሊወድቅ ተቃርቦ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ማስተማር ጀመርኩ። እዚህ ለዚያ የሚሆን ዋሻ የለም፤ እኔም ከሌሎች ዋሻዎች የሚመጣውን መረጃ እየተነተንኩ ዕድሜዬን በዚሁ ሥራ ገፋሁ። ጸሎት ቤታችን ተከፈተና አባቴ እርጅና እስኪያግደው ሰበከ። ጸጉሬን የቆረጥኩት እናቴ ካረፈች በኋላ ነው።

ከዓመታት በኋላ፣ ከሩቅ አገር ከአንድ ጥልቅ ማዕድን ጉድጓድ፣ ኒውትሪኖ ክብደት እንዳለው የሚያረጋግጥ ዜና ወጣ። ቢሮዬን ዘግቼ ወደ አንጋጫ ስልክ አስደወልኩ። የሚጠራልኝ ሰው እስኪያመጣቸው ብዙ ጠበቅኩ።

«ቲቸር፣ ክብደት አለው» አልኳቸው።

መስመሩ ይንጫጫ ነበር።

«ስንት ነው?» አሉ።

«እሱ ገና አልታወቀም።»

«ታዲያ ለምን ታስጠሪኛለሽ? ሂጂ ሥሪ እንጂ!» ሲሉኝ ከኋላቸው ባለቤታቸው ስትስቅ ይሰማኝ ነበር።