የሰዓዳ እሹሩሩ

አላመንኩም። አሁንም አላመንኩም።

ዛሬ ጁምዓ ነው፤ ዘይነባ ከማዳሟ ቤት ወጥታ እኛ ጋ የምትውልበት ቀን። ስትዘገይብኝ ልጄን ታቅፌ እያጉረመረምኩ ነበር። የማዳሟ ሾፌር፣ ያገራችን ልጅ ነው፣ ደወለልኝ። «እህቴ፣ ትናንት ወጥ ቤት ውስጥ ወደቀች። ሹመይሲ ሆስፒታል አድርሰናት ነበር። ኸላስ፣ ዛሬ ጠዋት አረፈች» አለኝ።

እሷ ሞታ ነው እኔ የማጉረመርመው።

ለማታውቋት፣ ዘይነባ የወሎ ልጅ ናት። እዚህ ሪያድ ስወልድ እናቴ አጠገቤ አልነበረችም፤ እኔም እሹሩሩ ማለት አላውቅበትም። ሕፃኗ ስታለቅስ ከስልኬ ሙዚቃ እከፍትላታለሁ። ዘይነባ ሳቀችብኝ። «አምጪያት፣ ጀርባዬ ሥራ ፈቷል» አለች። በሻርፗ አዘለቻትና በመዳፏ ቸብ ቸብ እያደረገች ማንጎራጎር ጀመረች። ዜማው ብዙ ከፍ ዝቅ አይልም፣ ከእርምጃዋ ጋር ነው የሚሄደው። ግጥሙን እዚያው ነበር የምትፈጥረው።

«ከየት ታመጪዋለሽ?» አልኳት።

«እኛ አገር ሴት ለሰው የማትናገረውን ለልጅ ነው የምታንጎራጉረው። አማቷ ብትሰማት እንኳ ልጅ እያባበለች ነው ብላ ታልፋታለች።»

ከዚያ ወዲህ ጁምዓ በመጣ ቁጥር «ጀርባዬ ሥራ ፈቷል» ትለኛለች። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ቤት ስታጸዳ የሰነበተች ሴት ናት። እሰጣታለሁ፣ እኔ እተኛለሁ።

አንድ ቀን እንቅልፍ እንቢ አለኝና ቃሉን ሰማሁት።

«እሹሩሩ ሰዓዳ፣ ማን አዘለሽ ዛሬ፣
ጀርባዬ ሰው አገር፣ ልቤ ከመንደሬ።»

የእኔ ልጅ ስሟ ሰዓዳ አይደለም።

ሰዓዳ ማናት ስላት «ልጄ ናት» አለችኝ። «ጡት ሳትጥል ነው ትቻት የመጣሁት። አሁን በኢሞ ስደውልላት ታፍረኛለች፣ አታናግረኝም።»

በሚቀጥለው ጁምዓ ልጄን መልሼ ሰጠኋት።

ባለፈው ሳምንት ራሴን አሞኛል ስትለኝ ፓናዶል ሰጠኋት። ልጄንም ሰጠኋት።

ከሰዓት በኋላ ወሎ ደወልኩ። ሰዓዳን የምታሳድጋት አክስቷ መርዶውን ሰምታ ማልቀስ ስትጀምር ስልኩን ልጅቷ ተቀበለቻት። «እናቴ ስለ እኔ ታወራ ነበር?» አለችኝ። ያንኑ እሹሩሩ በማያምር ድምፄ አልኩላት።

«ድገሚልኝ» አለች። ደገምኩላት።

ዘይነባዬ፣ እኔ ነፍስሽን ይማር እላለሁ፣ ያንቺዎቹ አሏህ ይዘንላት ይላሉ። ባገርሽ ቋንቋ አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ። በዚህ ከተማ የእኔን ልጅ አባብለሽ አስተኛሽ። አንቺን ያባበለሽ ግን አልነበረም፤ እኔም አላባበልኩሽም።

ደህና ተኚ፣ እህቴ።