እታለምና የሶዲየም ኤሌክትሮን

ደምበጫ ዘጠነኛ ክፍል ስማር አጠገቤ የምትቀመጠው የሁለት ልጆች እናት ነበረች። ትዳር ስትይዝ ያቋረጠችውን ትምህርት ከዓመታት በኋላ ስለቀጠለች፣ ሁላችንም እንደ ታላቅ እህት «እታለም» እንላት ነበር።

አንድ ቀን የኬሚስትሪ መምህራችን ሰሌዳው ላይ ሶዲየም ብለው ከጎኑ የመደመር ምልክት ጻፉና፣ «አቶሚክ ቁጥሩ አስራ አንድ ነው። ፖዘቲቭ አንድ ቻርጅ ሲኖረው ስንት ኤሌክትሮን አለው?» ብለው ጠየቁን።

«አስራ ሁለት!» አልን በአንድ ድምፅ። የመደመር ምልክቱን አይተን አንድ የሚጨመር መስሎን ነው። መምህሩም ቸኩለው ስለነበር አስራ ሁለት ብለው ጻፉ።

እታለም ቀስ ብላ ተነሣች። «ይቅርታ መምህር፣ አስር አይሆንም?»

ክፍሉ ሳቀ። እሷ ግን አልተቀመጠችም።

«ኤሌክትሮን ኔጋቲቭ ነው ብለውን ነበር። ከፕሮቶኑ ጋር እኩል ሲሆን አቶሙ ቻርጅ የለውም። ፖዘቲቭ ከሆነማ አንድ ኤሌክትሮን ጎድሎታል ማለት ነው።»

መምህሩ ሰሌዳውን ትንሽ አይተው የጻፉትን በእጃቸው አጠፉት። «ልክ ነሽ፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አሉና ጠመኔውን ሰጧት።

እሷም አስር ብላ ጻፈች። ከዚያ ወደ እኛ ዞራ እስኪገባን ድረስ ደጋግማ አስረዳችን። ለእኔ ኬሚስትሪ የገባኝ ያን ቀን ነው፤ ፈተና ሲደርስም ደብተሬን ይዤ የምሄደው እሷ ቤት ሆነ።