ማን አሻገራቸው?

ክረምት ሲገባ የአባቴ መንደር ደሴት ይሆናል። ወንዞቹ ሞልተው ሜዳው ላይ ይተኛሉ፤ ከወረታ የመጣ ባጃጅ መንገዱ ሲያልቅበት፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ሩዝና ውኃ ብቻ ነው። መግባት የፈለገ ሰው ማዶ ቆሞ ይጣራል። የሰማው ታንኳ ይዞ ይሄዳል። ማን እንደሆነና ለምን እንደመጣ የሚጠየቀው ግን እግሩ ደረቅ መሬት ከረገጠ በኋላ ነው፤ ውኃ ላይ ሰው መጠየቅ ነውር ነው። ታንኳው ሥራውን ሲጨርስ እንዲደርቅ ዳር ላይ ቀጥ ተደርጎ ይቆማል። ማዶ ያለ ሰው እሱን አይቶ ነው የሚጣራው።

እኔ ወረታ ላይ የታሪክ አስተማሪ ነኝ። አገሩ ታምሶ ትምህርት ቤቱ የተዘጋ ጊዜ አባቴ ዘንድ ወረድኩ። እናቴ ከሞተች ቆይታለች። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ገበያ ብሎ እንደወጣ አልተመለሰም። አንዱ ከእነዚህ ታጣቂዎች ጋር አየሁት ይላል፣ ሌላው ከእነዚያ ጋር። ስለዚህ አባቴ የትኛውንም ወገን አይረግሙም ነበር፤ የሚረግሙት ሰው ልጃቸው ሊሆን ይችላላ!

ሁለታችንም ዝምተኞች ነን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ዝም ብሎ መዋል ሰለቸኝና ከማስተምረው አንዱን አጫወትኳቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አይስላንድ የምትባል የደሴት አገር ከማንም ጋር አይደለሁም ብላ ተቀምጣ ነበር። እንግሊዞች ግን ጀርመን እንዳይቀድማቸው ብለው አንድ ማለዳ ገብተው ያዟት።

አባቴ ጥቂት አሰቡና፣ «ማን አሻገራቸው?» አሉኝ።

«ራሳቸው ናቸው አባዬ፣ በመርከብ።»

«ኧረ ተይ! ውኃ የከበበው አገር የውስጥ ሰው ሳያሻግር እንዴት ተብሎ ይገባል? ተጣርተው ይሆናል።»

ከት ብዬ ሳቅሁ። ከወንድሜ በኋላ በዚያ ቤት የተሳቀ የመጀመሪያው ሳቅ ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ ወዲያ ጨዋታችን ይኸው ሆነ፤ እንዲህ ባይሆን ኖሮስ? እኔ የራሴን ታሪክ ፈጠርኩ። የደሴቲቱ ሰዎች ጥሪውን ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ፤ ጀልባዎቻቸውን ሁሉ ደበቁ። መርከቦቹ ዞረው ዞረው ተመለሱ። ጀርመንም መጣ፣ እሱም ተመለሰ። ጦርነቱ አንድም ባዕድ ወታደር ሳይረግጣት አለቀ። ያለ ጥይት የዳነች አገር ሠርቼ በራሴ ኮራሁ።

አባቴ ግን ደስ አላላቸውም።

«እሽ፣ ታንኳውን ደበቁ» አሉ። «ወጥቶ የቀረ ልጅ ያለውስ? አንች ልጅ፣ እሱ ሲጣራ በምን ይለዩታል?»



ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከማዶ ጥሪ ተሰማ። የታጠቁ ሰዎች ናቸው። ጎረቤቶቻችን ታንኳቸውን እየጎተቱ ገለባ ሥር ሸሸጉ።

«አባዬ፣ ዝም ይበሉ። እርስዎ ብቻዎን ምን አገባዎት?» ብዬ ክንዳቸውን ያዝኩ።

ቀስ ብለው እጄን አስለቀቁኝና ሄዱ። ሁለት ሁለቱን እያደረጉ በታንኳቸው አሻገሯቸው። ሰዎቹ ቤታችን ገብተው ሩዝ በሉ። አንደኛው፣ «አባት፣ የማን ደጋፊ ነዎት?» ሲል ጠየቀ። አባቴ የያንዳንዳቸውን ፊት ሲያዩ ቆይተው፣ «ልጄን አይታችሁት ይሆን? ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው» አሉ። ጠያቂው አቀረቀረ። ያየው አልነበረም። በማግስቱ ተሻግረው ሄዱ።

መንደሩ ግን ቂም ያዘብን። እስከ መስቀል ድረስ ጤና ይስጥልኝ ያለን ሰው የለም። ውኃ በከበበው መንደር ውስጥ ማንም የማያናግርህ ሰው ስትሆን ብቸኝነቱ ሌላ ነው። በአባቴ ተናድጄባቸው ነበር፤ አልደብቅም።

በበጋው አባቴ ሞቱ። ጎረቤቶቹ ሁሉ መጥተው ቀበሩልኝ።

አሁን ትምህርት ቤቱ ተከፍቷል። ክረምት ሲመጣ ግን ወደ ባዶው ቤት እወርዳለሁ። ከደንገል ሣር የሚታሰር ታንኳ ዓመት አይዘልቅም፤ ውኃ እየጠጣ ይበሰብሳል። ስለዚህ በየሰኔው አዲስ አሠራለሁ። «ለብቻሽ ምን ያደርግልሻል?» ይሉኛል ጎረቤቶቼ።  ያቺን ጀልባዎቿን ደብቃ የዳነች አገሬንም ተማሪዎቼ ፊት አንስቻት አላውቅም።

ባለፈው ክረምት አመሻሽ ላይ አንድ የወንድ ድምፅ ከማዶ ተጣራ። የወንድሜ መሰለኝ። እየቀዘፍኩ ሄድኩ። የማላውቀው ሰው ነው፤ ተቀመጠ፣ ውኃው ላይ አልጠየቅሁትም። ዳር ደርሶ ከወረደ በኋላ ግን ወንድሜን አይቶት እንደሆነ ጠየቅሁት። ስለ ጠባሳውም ነገርኩት።

«አላየሁም እቴዋ» አለኝና መንገዱን ቀጠለ።

ታንኳው ውኃ ጠጥቶ ከብዷል። ጎትቼ አወጣሁትና ከማዶ በሚታይበት በኩል አቆምኩት።