የእትዬ የሽወርቅ ስንዴ

እትዬ የሽወርቅ ሞቱ ይሉኛል። እንዴት ነው የሚሞቱት? ዘጠና እንዳለፋቸው አውቃለሁ፤ ግን እኮ የምነግራቸው ነገር ነበረኝ።

ጠዋት ከቢቸና ልጃቸው ናት የደወለችልኝ። "ስምህን ሳታነሳ አትውልም ነበር" አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ ቢቸና የእርሻ ሠራተኛ ሆኜ ተመደብኩ። ከአዲስ አበባ የሄድኩ ጉረኛ ጎረምሳ ነበርኩ። ለሙከራ ማሳ የሚሰጠኝ ሳጣ፣ ባላቸው የሞተባቸው እትዬ የሽወርቅ ብቻ እሺ አሉኝ። ደመወዝተኛ ብሆንም "የኔ ተማሪ" ነበር የሚሉኝ።

ቱ ፎር ዲ የሚባለው የአረም መድኃኒት ያኔ አዲስ ነው። የተክልን የእድገት ሆርሞን መስሎ ይገባና አረሙን ያለ ልክ አሳድጎ ይገድለዋል። ስንዴ ገና ከሥሩ ሲበራከት ይችለዋል። ዛላው አገዳው ውስጥ መሠራት ከጀመረ ግን ፍሬ ያሳጣዋል። ይህን ተምሬ፣ ተፈትኜ፣ ጥሩ ውጤት አምጥቼበታለሁ።

መድኃኒቱ ዘግይቶ ደረሰ። ሹማምንት ደግሞ ማሳውን ሊጎበኙ ነው። መርጫውን አዝዬ ስመጣ እትዬ አንዱን አገዳ ዳበስ አደረጉና፣ "የኔ ተማሪ፣ አርግዟል እኮ! ዛሬስ አትንካው" አሉኝ።

ሳቅኩባቸው። ረጨሁት።

ግማሹ ዛላ ሳይወጣ ታንቆ ቀረ፤ የወጣውም ፍሬ አልያዘም። ጎረቤት ተሰብስቦ "ምን መታው?" ሲል "ውርጭ ነው" አልኩ። የተማረ ሰው ተናግሯልና አመኑኝ። እኔም ዝውውር ጠይቄ ሞጣ ገባሁ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ዘመድ ጥየቃ መጥተው ሞጣ ገበያ ላይ አገኘኋቸው። ስንዴ ይሸምታሉ፤ እሳቸው!

"የሰው ማሳ ዘሎ የኔን ብቻ የመታ ውርጭ፣ እግዜርን ያስቀየምኩት ነገር ቢኖር ነው። ስንዴ መዝራቱን ተውኩት፣ የኔ ተማሪ።"

ልነግራቸው ነበር። ስልቻቸውን ተሸክሜ ሸኘኋቸው እንጂ አልነገርኳቸውም። ፈሪ ነኝ።

ዛሬ ልጃቸውን ስለ ማሳው ጠየቅኳት። "እማዬ? እስከ መጨረሻው ስንዴ አልዘራችበትም" አለችኝ። ምክንያቱን አልነገርኳትም። ይህን ስታነብ ታውቀዋለች።

እትዬ የሽወርቅ፣ ውርጭ አልነበረም። እኔ ነበርኩ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ በእኔ ጥፋት ራስዎን ሲመረምሩ ኖሩ።

ደህና ይሁኑ፣ እትዬ። እግዜር አልተቀየመዎትም ነበር።