የእኔ ደረት፣ የእናቴ ስለት

ተማሪዎቼ «ሰሌዳ» ይሉኝ ነበር። ባዮሎጂ አስተማሪ ስለሆንኩ፣ ጠመኔም ከእጄ ስለማይጠፋ መስሎኝ አንድ ዓመት ሙሉ እንደ ማዕረግ ቆጥሬዋለሁ። ሁለት ልጃገረዶች ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ሲሳሳቁ ሰምቼ ነው ነገሩ ስለ ደረቴ መሆኑ የገባኝ። ሠላሳን ተሻግሬያለሁ፣ የሰውን አካል አስተምሬ ነው እንጀራ የምበላው፤ ያን ቀን ግን ቤቴ ገብቼ እንደ ዘጠነኛ ክፍል ልጅ ተነፋረቅኩ።

መቼም በልጅነቴ ያልሞከርኩት የለም። ላሊበላ ከሰፈራችን በታች ባለው ወንዝ፣ ውሃው ላይ የምትሽከረከር ጥቁር ጢንዚዛ አለች፤ የውሃ እናት እንላታለን። እሷን ይዞ ጡት ጫፍ ላይ ማስነከስ ጡት ያወጣል ይባል ነበር። እኩዮቼ አንድ አንድ ጊዜ ተነክሰው እየጮኹ ሮጡ፤ እኔ አራት ጊዜ ተነከስኩ። የእነሱ በዓመቱ አጎጠጎጠ። የእኔ አብጦ ሰነበተና በሳምንቱ ወደ ቦታው ተመለሰ። ዛሬ ስለ ሆርሞን ሳስተምር ያቺ ጢንዚዛ ትዝ እያለችኝ ሳቄን የምውጥበት ጊዜ አለ።

ነገሩን እንደገና የቀሰቀሰችው የአክስቴ ልጅ ናት። ከአረብ አገር ለገና መጣች። ስትሄድ ቀጭን ልጅ ነበረች፤ ስትመለስ ነጠላ አልከድነው ያለ ደረት ይዛ መጣች። ጓዳ አስገብታኝ በሩን ዘጋችና «ንኪው» አለችኝ። ነካሁት። ለስላሳም ነው፣ ጠንካራም ነው፤ የእሷም ነው፣ የእሷም አይደለም።

«ሲሊኮን ነው» አለችኝ። «አንዴ ከገባ ዕድሜ ልክሽን አብሮሽ ይኖራል። አዲስ አበባ የሚሠራ ሐኪም አለ። ሂጂና አነጋግሪው፤ ወጪውን ለእኔ ተይው።»

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው። ኢንተርኔት ቤት ሄጄ ስለ ጉዳዩ ማንበብ ጀመርኩ፤ ሰው ከኋላዬ ባለፈ ቁጥር የእንቁራሪት ሥዕል እከፍታለሁ። «ከመደረጉ በፊት» የሚለው ፎቶ ቀስ እያለ ወረደ፤ የማላውቃት ሴት ደረት፣ ቁርጥ የእኔን። «ከተደረገ በኋላ» የሚለው ግማሹ እንደወረደ መብራት ሄደ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳስብ የከረምኩት ያልወረደውን ግማሽ ነው።

እናቴ ከእኔ ጋር ነበር የምትኖረው። አባቴ ከሞተ ቆይቷል፤ ወንድሞቼና እህቶቼ ኩልመስክና ሙጃ አግብተው ወልደዋል፤ ቤት የቀረሁት የመጨረሻዋ እኔ ነኝ። ቤታችን ውስጥ ያለ ንስሐ አባታችን ቡራኬ ረጅም መንገድ አይወጣም። እሁድ ጠበል ሊረጩ ሲመጡ ጉልበታቸውን ስሜ ነገርኳቸው።

«አባ፣ አዲስ አበባ ልሄድ ነው፤ ይባርኩኝ።»

«ለስብሰባ ነው ልጀ?»

«ለሕክምና ነው። ኦፕሬሽን ሳይኖረው አይቀርም።»

እናቴ እጃቸውን ልታስታጥባቸው ጆጉን ይዛ ቆማ ነበር። ውሃው መሬት ላይ መፍሰሱን አላየችም።

«ምን አግኝቶሽ ነው?» አሉኝ አባ።

«የሴት ነገር ነው። ስሙን ባልጠራው ይሻላል።»

መስቀላቸውን ብድግ አደረጉ። «አትጥሪው። አትጥሪው ልጀ፤ ስሙም አይጠራ።»

በእኛ አገር ወባ ወባ ነው፣ ጨጓራም ጨጓራ ነው። ስሙ የማይጠራ በሽታ አንድ ብቻ ነው፣ እኔ ክፍል ውስጥ ካንሰር ብዬ የማስተምረው፤ እሱም ሲነሳ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እሱ» ብሎ ያልፈዋል። የታመመን ሰው «ምንህን ነው?» እያለ የሚደጋግም ባለጌ ነው፤ መጠየቅ መጥራት ነውና። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ካህን ፊት «ጡት» የሚለው ቃል አልወጣ ስላለኝ የመጣልኝን ተናገርኩ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእኔ ዝምታ ግን በማግስቱ ነቀዘ።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ግቢያችን ሰው ሞልቶ አገኘሁ። እንቁላል፣ ማር፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ ጠበል፣ በወረቀት የተጠቀለለ እምነት። «እግዜር ይማርሽ» ይሉኝና ፊታቸውን ዘወር ያደርጋሉ። ዘመኑ ሁላችንም አምስት ለአንድ የተደራጀንበት ነበርና የእኔም ቡድን ተሰልፎ መጣ፤ ሰብሳቢያችን «የታመመች አባልን መጠየቅ፤ ተከናውኗል» ብሎ ሪፖርት ላይ እንዳስገባው በኋላ አየሁ። ተማሪዎቼ ብርቱካን አዋጥተው ይዘው መጡ። «ሰሌዳ» የሚለውን ስም ያወጣችልኝ ልጅ ከሁሉም በላይ አለቀሰች፤ እኔ ነበርኩ ያባበልኳት። ተናደድኩ፣ አፈርኩ፣ ደግሞ መወደዴ ደስ አለኝ፤ ሦስቱንም ባንድ ጊዜ።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ግን በዚያ ሁሉ እንባ መሃል ቆሞ «የለም እኮ፣ ጡቴን ላስተልቅ ነው» ማለት እንዴት ይቻላል? ነገ እነግራታለሁ እያልኩ እናቴን አያታለሁ። እሷ ምንም አትጠይቀኝም። ጀሪካን ሳነሳ ትቀማኛለች፤ ወጡ ውስጥ ያለውን ሥጋ እየፈለገች ወደ እኔ ትገፋለች። ነገ፣ ነገ እንዳልኩ የመሄጃዬ ዋዜማ ደረሰና አንዲት ጎረቤታችን ደጅ ላይ ያዘችኝ።

«እናትሽ ያረገችውን ሰምተሻል? ገነተ ማርያም ሄዳ፣ በሴቱ ሁሉ ፊት ተሳለች። ‹ልጀን በደህና መልሽልኝ፤ ቆቤን ጭኜ ደጅሽ እወድቃለሁ› አለች።»

ገነተ ማርያም እናቴ የተወለደችበት፣ የተጠመቀችበት ደብር ነው። እዚያ የተሳለችውን አታስቀርም። በደህና ከተመለስኩ እናቴ ትመነኩሳለች፤ ቤቷንም እኔንም ትታ ትሄዳለች። እኔ ደግሞ በደህና ሳልመለስ ልቀር? ታዲያ በማግስቱ ለምን አውቶቡስ ላይ ወጣሁ? እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። ትኬቱ ተቆርጧል፣ ፈቃዱ ተፈርሟል፣ የሚሸኘኝ ሰው ተሰልፏል። ሽኝቱ እንደ ጎርፍ ይዞኝ ሄደ እንጂ ልሂድ ብዬ የወሰንኩበት ሰዓት አልነበረም።

ሐኪሙ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር። ደረቴን በሜትር ለካ። በአልትራሳውንድም አየኝና ምንም ችግር እንደሌለብኝ ነገረኝ። ከዚያ «ማን ነው የፈለገው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«እኔ ነኛ!» አልኩ። አባባሌ ራሴንም አላሳመነኝም።

ያወራልኝን ሁሉ እንደ ተማሪ ደብተር ላይ ጻፍኩ። የሚገባው ነገር ዕድሜ ልክ የሚቆይ አይደለም፤ ሳይታወቅ ሊቀደድ ይችላል፣ አንድ ቀን መቀየር ወይም መውጣት ይኖርበታል። ስለዚህ አንዴ የጀመረ ሰው ለሁለተኛው ቢላዋም ተዘጋጅቶ ይጀምር። ሰውነት በዙሪያው የጠባሳ ከረጢት ይሠራል፤ አንዳንዴ ከረጢቱ ይጠብቅና ጡቱ ይደድራል። የጫፉ ስሜት ሊደነዝዝ ይችላል፤ ከጊዜ በኋላም ሊመለስ፣ ላይመለስም ይችላል። ልጅ ለማጥባት አብዛኛዋ አትቸገርም፤ የምትቸገርም አለች።

«ልጅ የመውለድ ሐሳብ አለሽ?»

«ባል የለኝም።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም» አለ።

ደብተሬ ላይ አቀረቀርኩ። እሱ ግን አላሳፈረኝም፤ አለፈው። ሌሊቱን ቢደማ ወይም ትኩሳት ቢይዝሽ ማን ያይሻል አለኝ። ከላሊበላ ጋሸና፣ ከጋሸና ወልድያ፣ ከወልድያ ደሴ ያለውን መንገድ በሐሳቤ ሄድኩበት። ማደንዘዣውን ማን እንደሚሰጥ፣ ችግር ቢመጣ ወዴት እንደሚወስዱኝ፣ የሚገባው ዕቃ ወረቀት ለእኔ ይሰጠኝ እንደሆነ እንድጠይቀው እሱ ራሱ ነገረኝ፤ «ይህን ጠይቀሽው የማይመልስልሽን ሐኪም እንዳታምኚው» አለ። ለስድስት ሳምንት ያህል ከባድ ነገር አይነሳም፣ በሆድ አይተኛም።

«ስግደትስ?» አልኩት።

ብዕሩን አስቀመጠ። ብዙ ሰው ብዙ ነገር ጠይቆታል፤ ይህን የጠየቀው ያለ አይመስለኝም። ሁዳዴ ሊገባ መሆኑን፣ እኛ አገር በክንድ ወርዶ በግንባር ምድር ነክቶ እንደሚነሳ ወንበሬን ገፍቼ አሳየሁት። ከት ብሎ ሳቀና «ሁዳዴን ጨርሰሽ ነይ» አለኝ። ከፋሲካ በኋላ ያለ ቀን ቀጠረኝ። «የመጣን ሰው በመጣበት ቀን አልቀድም። ሄደሽ አስቢበት።»

ከክሊኒኩ ወጥቼ ለአክስቴ ልጅ ደወልኩ። ደድሮብሽ ያውቃል ወይ አልኳት። «ግራው አንዴ ተከፍቶ ተስተካክሏል» አለችኝ። ለምን አልነገርሽኝም ስላት «አልጠየቅሽኝማ!» አለች። የዘመድ ልጅ መሆናችንን ያን ቀን በደንብ አመንኩ፤ ሁለታችንም ካልተጠየቅን አንናገርም።

አውቶቡሱ ላሊበላ ሲገባ እናቴ መናኸሪያው መሃል ቆማ ነበር። አባም፣ ጎረቤቱም አሉ። ትከሻዬን፣ ክንዴን፣ ጎኔን ዳበሰችኝ።

«ቀደዱሽ?»

«አልነኩኝም እማዬ።»

ሌላ ቃል ሳልጨምር እልልታው ቀለጠ። «ቢላዋ ሳይነካት!» አሉ አባ፣ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው። ዘንድሮ ስንት ሰው እንደዳነ የሚያወራ ሰው መሃል ቆሜ፣ የዳንኩት ከምን እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። አፌን ከፈትኩ፤ አንዲት ሴት ስማኝ ዘጋችው።

በማግስቱ ከእንቅልፌ ስነሳ እናቴ ነጭ ቀሚሷን የመነኩሴ ቢጫ ቀለም ነክራ ስታሽ አገኘኋት። ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«እማዬ፣ አልታመምኩም።»

«አሁንማ ድነሽ የለ!»

«አይደለም። ከመጀመሪያውም። ጡቴን ላስተልቅ ነው የሄድኩት።»

እጇን ከቀለሙ አወጣች። ደረቴን እንደ አዲስ አየችው።

«ይኸን?»

«ይኸን።»

«ምን ሆነ ይኸ?»

«ትንሽ ነው።»

እስክትቆጣኝ ጠበቅኩ። ብትመታኝ ይቀለኝ ነበር። እሷ ግን «እሱ በሽታ የለብሽም?» አለች፤ ቀስ ብላ።

«የለብኝም። ሐኪሙ አይቶኛል። ምንም የለብኝም።»

እዚያው ተንበርክካ መሬቱን ሳመች። «እኔ እንድትድኚልኝ ነበር የለመንኳት። እሷ ጭራሹን ሳትታመሚ ሰጠችኝ። ከዚህ ወዲያ ምን ቀረኝ?»

«እማዬ፣ ስለቱ እኮ በውሸት ላይ የቆመ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«ውሸቱ ያንች ነው» አለችኝ። «ስለቱ የኔ ነው።»

ወደ አባ ሮጥኩ። ስለቱን እንዲያስጥሉልኝ ሁሉንም፣ ጡት የሚለውን ቃል ሳይቀር ተናገርኩ። መጀመሪያ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ፤ ከዚያ ሳቁ ጠፋ። «እናትሽ ይህን ቆብ አባትሽ ካረፈ ጀምሮ ስትመኘው ኖረች። ‹ልጀን ድሬ› ትለኝ ነበር። አንችን ስትጠብቅ ነው የቆየች።» እግሬ ቤቴ እስኪያደርሰኝ ድረስ ያሰብኩት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እናቴን ያባረርኳት እኔ ነኝ ወይስ የፈታኋት? ሁለቱም ልክ መሰለኝ።

በቀጠሮዬ ቀን እኔ ክፍል ውስጥ የእንቁራሪት ሆድ አስተምር ነበር። አልፈለግኩም ማለት አልችልም። ፈርቼ ነው ማለትም አልችልም። እናቴ በዚህ ምክንያት ልትመንን ተዘጋጅታ ሳለ ጡት ይዤ መምጣት ከበደኝ፤ ሳላደርገው ብቀር ደግሞ በምን ምክንያት መነነች ይባላል?

ከፋሲካ በኋላ ወር ያህል ቆይቶ ገነተ ማርያም ሄድን። በምንኩስናው ሥርዓት እናቴን መሬት ላይ አስተኝተው በነጭ ከደኗትና እንደ ሞተ ሰው ጸሎተ ግንዘት ተደገመላት። ለእኔ ሞት ሲያለቅስ የከረመው ጎረቤት ሁሉ እልል እያለ ነበር፤ እኔ ብቻ ነበርኩ የማለቅሰው። ስትነሳ ፊቷ የልጃገረድ ፊት መስሎ ነበር። ጉልበቷን ልስም ስጎነበስ ጎትታ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

«ልጀ፣ ያ ሐኪምሽ መቸ ነው የቀጠረሽ?»

«እማሆይ…»

«ሂጅም አላልኩ፣ ቅሪም አላልኩ። ቀኑን ብቻ ንገሪኝ። ያን ቀን ቆሜ እውላለሁ። ባለፈው ለምን እንደምጸልይ ሳላውቅ ነው የጸለይኩት።»

ቀጠሮው ካለፈ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር።

«እነግርዎታለሁ» አልኳት።