አንድ ቆዳ ለሁሉም

ልብስ ሰፊዋ የፎቶ ኤግዚቢሽን መሃል ያስመለሳቸው «ፎቶ ነፍስ ይወስዳል ብለው ፈርተው ነው» ተብሎ ሰፈሩ ሙሉ ተወራ። ነጭ ውሸት! ሴትየዋ ከመታወቂያ እስከ ሠርግ ሲነሱ የኖሩ ናቸው።

ፎቶ አንሺው መንደራቸው ሲመጣ፣ «የልጅ ልጆችዎ እርስዎ ማን እንደነበሩ በዚህ ያውቃሉ» ብሎ መነጽራቸውንና ራሳቸው የሰፉትን ቀሚስ አስወለቀ። ከሻንጣው የከረፋ፣ ቀዳዳ ያለው ቆዳ አውጥቶ «የአያቶችዎ ልብስ» እያለ ደረበላቸው። አያቶቻቸው እንዲህ ያለ ነገር በዓይናቸውም አላዩ። የማያውቁት ሰው ላብ አንገታቸው ላይ ሲጣበቅ፣ ለልጅ ልጆቹ ሲሉ ቻሉት።

ኤግዚቢሽኑ ላይ የአምስት ብሔረሰብ ሰዎች በየፍሬማቸው ተሰቅለዋል። ሁሉም የለበሱት ቆዳ ያው፣ ቀዳዳውም ያው። ያ ሽታ ተመልሶ አፍንጫቸው ውስጥ ገባ፤ እዚያው አስመለሳቸው።

ፎቶ አንሺው ውሃ ይዞ በእንግዶቹ መሃል ሮጠ።

«አይዞዎት እማማ፣ ባህልዎን እኮ ዓለም እያየው ነው።»

አፋቸውን ጠራረጉ። «ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ሕዝብ ስታለብሰው ቆዳውን አንድ ቀን እንኳ አላጠብከውም?»